አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ትርዒት፦ በዝና ላይ ስለሚሣለቅ አንድ የካርቱን ፊልም

የካርቱን ፊልም የሕፃናት ማባበያ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መምህራን በሚያነቧቸው ገጾች ላይ ሂስ ሲጻፍበት ብዙም አይታይም። ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም የየራሳቸው ሐያሲ አላቸው፤ ካርቱን ግን እንደ ከረሜላ ተቆጥሮ ልጅን ዝም ያሰኛል ወይም ያበላሻል ከመባል በስተቀር ምን እንደሚል የሚጠይቀው የለም። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባል። ተማሪዎቻችን ስለ ቅናት፣ ስለ ሽንፈት፣ ስለ ሀብትና ስለ ዝና የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀስሙት አብዛኛውን ጊዜ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከቴሌቪዥንና ከእጅ ስልክ ነው። የሚቀስሙት ምን እንደሆነ መርምሮ ማወቅ ደግሞ የመምህሩ ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ሾው ቢዝ በግስ» የተባለውን አጭር የካርቱን ፊልም ነው። ፊልሙ በዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሲኒማ ቤቶች ወጣ። አዘጋጁ ፍሪዝ ፍሬሌንግ ሲሆን የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ የሚሰጠው ሜል ብላንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን «የበግስ በኒ ሾው» የተባለው የምሽት ዝግጅት ሲጀመር የኩባንያው የቆዩ ካርቱኖች በመድረክና በመጋረጃ ታጅበው በየቤቱ ገቡ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ፊልሞች ዓለም ያወቃቸው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳይቶ ለውይይት በቂ ሰዓት ይተርፋል።

ጽሑፉ የተሰናዳው በናይሮቢ ከተማ፣ ሁርሊንግሃም በተባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን የአበሻ ምግብ ቤቶችና በርካታ የአገራችን ቤተሰቦች ይገኙበታል። ለዝና ጉዳይ ይህ ሰፈር ባዕድ አይደለም። በመንገዱ የሚያልፉት ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ጎናቸው በዘፋኞች፣ በእግር ኳስ ተጫዋቾችና በፊልም ተዋንያን ፊት ያሸበረቀ ነው። አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ድረስ ብዙ ታዋቂ ሰዎች ሙዚቃቸውን እያንባረቁ በአጠገቡ ያልፋሉ። ከነዚህ መካከል ግን በሂሳብ ወይም በነርስነት የታወቀ ሰው ፊት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምራቸው ልጆች «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ሲባሉ የሙያ ስም ከሚጠሩት ይልቅ «ታዋቂ» ብለው የሚመልሱት እየበዙ መጥተዋል። በምን እንደሚታወቁ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ይህ መልስ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ለሚያስተምር ባልደረባችን እንግዳ እንደማይሆን እናምናለን።

አሁን ወደ ፊልሙ ታሪክ እንለፍ። ዳፊ የተባለው ዳክዬ ወደ አንድ ትርዒት አዳራሽ ሲመጣ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ያያል። የባልንጀራው የጥንቸሉ የበግስ በኒ ስም በትልልቅ ፊደላት ሲጻፍ የእሱ ስም ግን ከሥር በጥቃቅን ፊደላት ተጽፏል። ተቆጥቶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይገባል፤ የሚሰጠው መልስ ግን የስም ፊደል መጠን የሚወሰነው እያንዳንዱ ተዋናይ ተመልካች በመሳብ ባለው ኃይል ልክ ነው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይጨፍራሉ። ጥንቸሉ እግሩን ባነሣ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ዳክዬው ያንኑ ሲያደርግ ግን ጸጥታ ይሆናል። ዳክዬው ብቻውን ወጥቶ ላቡ ጠብ እስኪል ይጨፍራል፤ የሚሰማው የፌንጣ ድምፅ ብቻ ነው። የሠለጠኑ ርግቦች አመጣሁ ብሎ ሣጥኑን ሲከፍት ርግቦቹ በርረው ይሄዳሉ። ጥንቸሉ ሰውን በመጋዝ ለሁለት የመቁረጥ ትርዒት ሲያሳይ ማታለያውን አጋልጣለሁ ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ እውነትም ለሁለት ይቆረጣል። በመጨረሻም ተቀናቃኙን ለማጥፋት በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ውስጥ ፈንጂ ይደብቃል። ጥንቸሉ ፈንጂው ያለበትን ድምፅ ደጋግሞ ሲስት ዳክዬው ተናድዶ ዜማው እንዴት እንደሚመታ ለማሳየት ራሱ ይመታዋል፤ ራሱም ይፈነዳል።

የፊልሙ ፍጻሜ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ዳክዬው የሰይጣን ልብስ ለብሶ ይወጣና ማንም ተዋናይ ደፍሮ ያልሠራውን ትርዒት አሳያለሁ ይላል። ቤንዚን ይጠጣል፤ ናይትሮግሊሰሪን፣ ባሩድና ዩራኒየም ይጨምርበታል፤ በመጨረሻ የተለኮሰ ክብሪት ይውጣል። ፍንዳታው ሲበርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። ጥንቸሉ ሕዝቡ እንዲደገም እንደሚፈልግ ሲነግረው ወደ ላይ እየተንሳፈፈች የምትሄደው የዳክዬው ነፍስ ይህን ትርዒት ማሳየት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ገልጻ ትሰናበታለች።

ፊልሙን ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ የቅናተኛ ቅጣት ነው። ቅናተኛው ጉድጓድ ቆፈረ፤ ራሱ ገባበት። ልጆችም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው። እኛ ግን ትርጉሙ በዚህ አያበቃም እንላለን። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉን።

የመጀመሪያው ዳክዬው ሥራ የማያውቅ ሰነፍ አለመሆኑ ነው። ይህን ነጥብ አዘጋጁ በጥንቃቄ ነው ያሰናዳው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጨፍሩ እርምጃቸው አንድ ነው፤ ሙዚቃው አንድ ነው፤ ልብሳቸውም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ያለው በጭብጨባው ብቻ ነው። ዳክዬው ባይችል ኖሮ ፊልሙ ስለ ችሎታ ማነስ ይሆን ነበር። እየቻለ ስላልተጨበጨበለት ግን ፊልሙ ስለ ዝና ሆኗል። ችሎታና ዝና እንደ መንታ ልጆች አብረው እንደማይወለዱ ሰባት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የተመልካቹ ነገር ነው። በአዳራሹ የተቀመጠው ሕዝብ በድምፁ እንጂ በመልኩ እምብዛም አይታወቅም። ለምን ለአንዱ እንደሚያጨበጭብ፣ ለምን ለሌላው ዝም እንደሚል አያስረዳም። እንደ ዝናብ ነው፤ ለአንዱ ማሳ ይዘንባል፣ ለሌላው ይቀራል። የሚያስደነግጠው ግን ይህ ሕዝብ ዳክዬው ሲለፋ ዝም ብሎ፣ ሲፈነዳ ማጨብጨቡ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የሚሣለቀው በዳክዬው ላይ ብቻ አይደለም። የሰው ጥፋት ትርዒት ሲሆንለት ደስ በሚለው ተመልካች ላይም ይሣለቃል። ያ ተመልካች ደግሞ ፊልሙን እያየን የምንስቀው እኛው ነን።

ሦስተኛው በራሳችን ተረትና ምሳሌ ሊብራራ የሚችለው ፍጻሜው ነው። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የዚህ ምሳሌ መንፈስ ሰው በሕይወቱ የሠራው መልካም ሥራ ከሞቱ በኋላ እንደሚያስጠራው ማስረዳት ነው። ሥራው ይቀድማል፤ ስሙ ይከተላል። በጦር ሜዳ ባህላችንም ፎካሪ የሚፎክረው ግዳይ ጥሎ ነው፤ ምንም ሳይሠራ «ዘራፍ» የሚል ሰው መሣቂያ ይሆናል። ዳክዬው ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ስሙን አስቀድሞ ፈለገ፤ ለስሙ ሲል መቃብሩን ቆፈረ። በእርግጥም ስሙ ከመቃብር በላይ ዋለ፤ ነገር ግን የሚለብሰው ሰው አልነበረም። ምሳሌው እንዲህ ተገልብጦ ሲታይ ሣቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የዚህ ዓይነቱ ምጸት ዓላማም ይኸው ነው።

ይህ ፍጻሜ በፍሬሌንግ እጅ ድንገት የተፈጠረ አይደለም። ያው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1949 በሠራው «ከርተን ሬዘር» በተባለ ካርቱን ውስጥ አንድ ቀበሮ ተዋናይ ለመቀጠር ሲመጣ ተመሳሳዩን የፍንዳታ ትርዒት ያሳያል። በዚያ ፊልም ነገሩ ቀልድ ብቻ ነበር፤ ቀበሮው ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እዚህ እንደ ደረሰ አናውቅም። በ1957ቱ ፊልም ግን ያው ቀልድ ከብዙ ውርደት በኋላ ስለሚመጣ ሐዘን ተጨምሮበታል። አንድ ደራሲ የራሱን የቆየ ሐሳብ እንዴት እንደሚያጎለብተው ለተማሪዎች ለማሳየት ሁለቱን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው።

በአሜሪካ አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ልጆች አይተው ይቀዱታል በሚል ሥጋት ይህን የመጨረሻ ክፍል እየቆረጡ ያሳዩበት ጊዜ ነበር። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ቤንዚንና ክብሪት በየቤቱ ይገኛሉ። ዳሩ ግን መቀሱ የወደቀው ፊልሙ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው። ፍጻሜው ሲቆረጥ መጋዙና ፈንጂው እንዳሉ ይቀራሉ፤ የሚወጣው ዳክዬው ለጭብጨባ የከፈለው ዋጋ ነው። እንዲህ የተቆረጠ ፊልም ጉዳት የሌለው ጥፋት ያሳያል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። በእኛ አስተያየት ለትንንሾቹ ልጆች ፊልሙን ጨርሶ ማቆየት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ሙሉውን አሳይቶ መወያየት ይሻላል። በስልክ መስተዋት ላይ ለመታየት ሲሉ ከከፍታ የሚዘሉና የማይጠጣ ነገር የሚጠጡ ወጣቶች ባሉበት በአሁኑ ዘመን ዳክዬው የቀልድ ፍጡር ብቻ አይደለም።

ፊልሙን ካመሰገንን ጉድለቱንም መናገር አለብን። ዋናው ጉድለቱ ለአሸናፊው ማድላቱ ነው። ጥንቸሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተረጋጋ፣ የማይደክም፣ የማይነካ ነው። ዝናውን በምን እንዳገኘው አንጠየቅም፤ ከፊት ለፊቱ ባልንጀራው ሲዋረድ አንድ ቃል አይናገርም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» እንደሚባለው ተቀናቃኙ ለእሱ መድመቂያው ነው። በሥራ አስኪያጁ ላይም ፊልሙ ጨክኖ አይፈርድም። የፊደሉን መጠን የሚለካው፣ ትርፉንም የሚሰበስበው እሱ ሲሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከታሪኩ ይሰወራል፤ ጠቡም በሁለቱ ደመወዝተኞች መካከል ይቀራል። ስለዚህ ልጆች ፊልሙን ሲያዩ «ዳፊን አትሁን፣ በግስን ሁን» የሚል ትምህርት ቢወስዱ ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም። ችግሩ ግን ሁሉም ሰው በግስ ሊሆን አለመቻሉ ነው፤ በየሰሌዳው አናት ላይ ያለው ቦታ አንድ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላ የቴሌቪዥን ካርቱን ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1987 በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን የታየው «ጋርፊልድ ጎዝ ሆሊውድ» የተባለው ልዩ ዝግጅት በጂም ዴቪስ የተፈጠረውን ሰነፍ ድመት ጋርፊልድን ወደ ዝና መንገድ ያስገባዋል። ድመቱ፣ ውሻው ኦዲና ጌታቸው ጆን ለቤት እንስሳት በተዘጋጀ የቴሌቪዥን ውድድር ይሳተፋሉ፤ በአካባቢያቸው አሸንፈው ለመጨረሻው ዙር ሆሊውድ ይሄዳሉ፤ ታላቁን ሽልማት ሳያገኙ ጀልባ ተሸልመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የውድድሩ አቀራረብ፣ የአስተዋዋቂው ድምፀትና የሽልማቱ ግነት በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይታዩ በነበሩት የተሰጥኦ ውድድሮች ላይ የተሠራ ሽሙጥ ነው። የዚህ ፊልም መልስ «ቤትህ ይሻልሃል» የሚል ነው። መልሱ ደግ ነው፤ ግን ርካሽ ነው። ጋርፊልድ ሲመለስ የሚጠብቀው የሞላ ማቀዝቀዣና የሞቀ አልጋ ነው። ቤቱ ባዶ ለሆነ፣ ወይም በስደት ላይ ሆኖ ቤት የት እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ «ወደ ቤትህ ተመለስ» ማለት ምክር ሊሆን አይችልም። የዳፊ ታሪክ ጨካኝ ቢሆንም ይህን ልጅ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው።

የአገራችን አንባቢ እንስሳን እያናገሩ ሰውን መሸንቆጥ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በዘመናዊ ተውኔት ታሪካችን መጀመሪያ ላይ የሚጠቀሰው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለመድረክ የበቃው አውሬዎችን አናግሮ ነው፤ ባለሥልጣናቱም በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ስላዩ ተውኔቱ ታግዷል። አዝማሪም ጌታውን እያወደሰ በሰምና ወርቅ ሲሸነቁጠው ኖሯል። እዚሁ ናይሮቢ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2009 በሲቲዝን ቴሌቪዥን የተጀመረው «ኤክስ ዋይ ዚ ሾው»፣ ጋዶ በሚል ስም የሚታወቀው የካርቱን ሠዓሊ ጎድፍሬይ ምዋምፔምብዋ ያቋቋመው የአሻንጉሊት ትርዒት፣ የኬንያን ፖለቲከኞች ከነመልካቸው መሣቂያ አድርጓቸዋል። ልዩነቱ እነዚህ ሥራዎች ዒላማ ያደረጉት በአብዛኛው ሹመትን መሆኑ ነው። በዛሬው ልጅ ላይ ግን ከሹመት ይልቅ የሚሠለጥነው ዝና ነው፤ ዝናን የሚሸነቁጥ ሥራ በራሳችን ቋንቋ ገና በብዛት አልወጣም። ለልጆች የአማርኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት ለሚሠሩ ደራሲዎቻችን ይህ ክፍት ማሳ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ጥቂት ትዝታ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በናይሮቢ በአንድ የቢራ ስም የተጀመረው «ተስከር ፕሮጄክት ፌም» ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣት ዘፋኞችን በአንድ ቤት አስቀምጦ ሲያወዳድር ተመልካቹ በስልክ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በእኛም አገር በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ «ኢትዮጵያን አይዶል» በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከጥሩዎቹ ዘፋኞች እኩል፣ እንዲያውም በበለጠ፣ ሰው የሚያወራው መዝፈን ስላልቻሉት ነበር። ያልተሳካላቸው ወጣቶች የሰው መሣቂያ ሆነው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። እነዚህ ውድድሮች ለአንዳንድ ወጣቶች በር መክፈታቸው አይካድም። ነገር ግን ዳፊ የቆመበት መድረክ በሁለቱም ከተሞች ተተክሎ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ፊልሙን ለሁርሊንግሃም ተማሪዎቻችን ባሳየን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የአንዲት ዝምተኛ ልጅ አስተያየት ነው። ሌሎቹ በፍንዳታው ሲስቁ እሷ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አነሣችና «ልክ የክፍል ደረጃ ሲለጠፍ ነው» አለች። ይህ አስተያየት ፊልሙን ወደ እኛው፣ ወደ መምህራን አዞረው። እውነት ነው፤ ክፍልም መድረክ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው በወላጆች ፊት ይነበባል፤ ይጨበጨብላቸዋል። አርባኛ የወጣው ልጅ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚሰማው የፌንጣ ድምፅ ነው። አንድ ጎበዝ የተባለ ተማሪ የተለመደውን መልስ ሲመልስ «ጎሽ!» እንላለን፤ ሰነፍ የተባለው ያንኑ መልስ ሲመልስ ከማን እንደቀዳው እንጠይቃለን። እርምጃው አንድ ሲሆን ጭብጨባው ለየቅል ነው። በክፍሉ ውስጥ ጫጫታ የሚያስነሣው፣ ወንበር የሚሰብረው፣ በመጨረሻም አደገኛ ነገር የሚሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ጭብጨባ አልደርሰው ያለ ልጅ ነው።

በመሆኑም ፊልሙን በክፍል ለመጠቀም የሚፈልግ መምህር ውይይቱን ከዳክዬው ጥፋት ባይጀምር እንመክራለን። አስቀድሞ ሁለቱ አብረው የሚጨፍሩበትን ክፍል ያለ ድምፅ ያሳይና ማን እንደሚበልጥ ይጠይቅ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት ማግኘት ያቅታቸዋል። ከዚያ ያንኑ ክፍል ከነድምፁ ሲያዩት የፍርዳቸው ምንጭ ዓይናቸው ሳይሆን የሌላ ሰው ጭብጨባ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁን፣ የተመልካቹንና የጥንቸሉን ድርሻ ለየብቻ እንዲመረምሩ ያድርግ። በመጨረሻም ለዳክዬው ሌላ ፍጻሜ በአማርኛ ይጻፉለት። እኛ ዘንድ ከተጻፉት መካከል አንዱ ዳክዬው አዳራሹን ትቶ ወጥቶ ለሰፈሩ ልጆች ጭፈራ ሲያስተምር ያሳያል። ይህ ፍጻሜ እንደ ፍንዳታው አያስቅም፤ ነገር ግን የጻፈው ልጅ ችሎታን ከጭብጨባ ለይቶ ማየት ችሏል።

«ሾው ቢዝ በግስ» ጉድለት ቢኖርበትም በዓይነቱ ከተሠሩት ሥራዎች ከሚመረጡት አንዱ ነው። አጭር ነው፤ ያስቃል፤ ካሳቀ በኋላ ደግሞ አሳቢ ተመልካችን ያሳፍራል። ለወጣቶቻችን «ዝና ከንቱ ነው» ብለን ብንሰብክ አይሰሙንም፤ ዝና ያለው ሰው ሲበላ እነሱ ያያሉና። ዝና እንዴት እንደሚሸጥ፣ ሰሌዳውን ማን እንደሚጽፈው፣ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል ብናሳያቸው ግን ራሳቸው ማስላት ይችላሉ። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ጭብጨባችንን ለማን እንደምንሰጥና ከማን እንደምንነፍግ ብንቆጣጠር፣ ቢያንስ አንድ ልጅ ስሙን ለማስጠራት ክብሪት እንዳይፈልግ ልንረዳው እንችላለን።